ባሕሩ ይመለሳል የተባልኩበት ዓመት

የመቀሌ ውሃ ማንቆርቆሪያ አይምርም፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ውስጡን ነጭ ቅርፊት ያለብሰዋል። ባለፈው ሰሞን ያን ቅርፊት ላስለቅቅ ሎሚ ጨምቄ ሳፈስበት፣ ጭማቂው ከኖራው ጋር ተገናኝቶ «ጭስስስ» ሲል ሰማሁና እጄ ማንቆርቆሪያው ላይ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። ያን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን ተሸንፎ ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በገዛ ግቢያችን ውስጥ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ሙሉ በፍርሃት ኖሬአለሁ።

አባዬ የወሎ ሰው ነበር፤ በጣሊያን ጊዜ ከመንገድ ሠሪዎች ጋር ሲውል ቋንቋቸውን ለምዶ፣ ኋላም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ፣ እናቴን፣ እኔ «አደይ» የምላትን፣ እዚሁ መቀሌ አግብቶ ይኖር ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሲል ሲኞር ሉካ የሚባሉ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ከግቢያችን አንዱን ክፍል ተከራዩ። ቀኑን ሙሉ በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሲዞሩ ውለው ድንጋይ ተሸክመው ስለሚመለሱ፣ ሰፈሩ «አቦይ እምኒ»፣ አባ ድንጋይ፣ ብሎ ስም አወጣላቸው። ከጦርነቱ በፊት በመርከብ እየዞሩ ከቀይ ባሕር ወለል ጭቃ ያስወጡ እንደነበር፣ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት የሚኖሩ ፍጥረታትን ያጠኑ እንደነበር አባዬ ነግሮናል። እነዚያ ፍጥረታት ሲሞቱ ቅርፊታቸው ጭቃው ውስጥ ይቀራል፤ ባሕሩ መቼ ሞቆ መቼ እንደቀዘቀዘም የተማረ ሰው ከቅርፊቱ ያነብባል።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ሲኞር ሉካ ድንጋይ ፈልጠው ሎሚ ጠብ ሲያደርጉበት ድንጋዩ ጮኸ። ቀረብ ብዬ ሳይ፣ በመሐሉ የጣት ጥፍር የምታህል ዛጎል ተቀምጣለች።

«ይህ ሁሉ አገር የባሕር ወለል ነበር ይላሉ» አለ አባዬ እየተረጎመልኝ።

«ባሕሩ የት ሄደ?»

«ሸሸ።»

«ይመለሳል?»

ሲኞር ሉካ ጥያቄዬን ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁና አንድ ነገር አሉ። አባዬም እየሳቀ፣ «ባሕር ሁልጊዜ ይመለሳል አሉሽ» አለኝ።

እነሱ ሳቁ እንጂ እኔ አልሳቅሁም። ቤታችን የተሠራው በዚያው ድንጋይ ስለነበር፣ መደቤ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ ዛጎሎቹን አንድ በአንድ እያየሁ፣ ባሕሩ መንገዱን እንዳይረሳ ምልክት ያስቀመጠ ይመስለኝ ጀመር። ክረምቱን ሙሉ ዶፍ በጣለ ቁጥር ደጃፍ ላይ ቆሜ ጎርፉ ስንት ደረጃ እንደወጣ እቆጥር ነበር። ጭቃ ለውሼ ዛጎሎቹን ስመርግ አደይ አገኘችኝና፣ «ጓለይ፣ ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ግንባሬን በመዳፏ ዳሰሰች፤ ትኩሳት የያዘኝ መስሏት ነው። ባሕሩ ሊመጣ ነው ብላት ትስቅብኛለች ብዬ ጭቃማ እጄን ልታጠብ ሄድኩ።

መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ፍርሃቴ ቀለል አለኝ። ጥቅምት ላይ ጨው ጫኝ ግመሎች ወደ አፋር ቆላ መውረድ ጀመሩ፣ በጋውም እንደዚሁ አለፈ። የካቲት ሲያልቅ ግን አባዬ፣ ሲኞር ሉካን ተከትሎ በአስተርጓሚነት ወደ ጨው ሜዳው ሊወርድ መሆኑን ለአደይ ሲነግራት ሰማሁ። ያ ሜዳ ከባሕር በታች ዝቅ ያለ ነው፣ ጨዉም ባሕሩ ጥሎት የሄደው ነው አላት። እኔ የሰማሁት «ከባሕር በታች» የሚለውን ብቻ ነበር።

ሲኞር ሉካ መዳፍ የምታህል ክብ የነሐስ መሣሪያ ነበረቻቸው። መርፌዋ ሰው ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ ታሳያለች፤ ዝናብ ሲቃረብም ታውቃለች ይባል ነበር። ያለሷ እርምጃ አይሄዱም ሲባል ስለሰማሁ፣ ሊነሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ከጠረጴዛቸው ላይ አንስቼ በገብስ ጎታችን ውስጥ፣ ክንዴ እስከሚደርስበት ድረስ ቀበርኳት። ሲኞሩ ክፍላቸውን ገለበጡ፣ ግቢውን አስፈተሹ፣ ተቆጡ፤ በሦስተኛው ቀን ግን ያለሷ ተነሡ። ግመሎቹን የሚነዳው ጎረቤታችን ጋሼ ሰዒድ ነበር፤ እሱም እንደ አባዬ ከወሎ የመጣ፣ ባገኘኝ ቁጥር «የአገሬ ልጅ» የሚለኝ ሰው ነው። እያለቀስኩ ሲያየኝ፣ «አባትሽን እኔ አመጣልሻለሁ፣ አይዞሽ» አለኝ።

መጋቢት በገባ በሳምንቱ፣ እኛ ዘንድ ፀሐይ እያለ፣ እነ አባዬ በወረዱበት በኩሓ በኩል ያለው ሰማይ ጠቁሮ ዋለ። ነጎድጓዱ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ያን ጊዜ ነው መርፌዋ ዝናብ እንደምታውቅ ትዝ ያለኝ። ጎታው ዘንድ ሮጬ ሄድኩ፤ ላወጣት እጄን ሰድጄ፣ አውጥቼስ ለማን እሰጣለሁ ብዬ ባዶ እጄን መለስኩ።

ከአራት ቀን በኋላ ከቆላ የወጡ ጨው ጫኞች፣ ከላይ ከተራራው የወረደ ደራሽ ውሃ በገደሉ መካከል ሲጓዙ የነበሩ ሰዎችን መውሰዱን፣ አንድ ፈረንጅም አብሯቸው እንደነበር አወሩ። ሴቶች ሊያለቅሱ ወደ ግቢያችን ሲመጡ አደይ በሩ ላይ ቆማ፣ «ሬሳ ሳላይ አላለቅስም! ተመለሱ!» ብላ ጮኸችባቸው። ከሄዱ በኋላም መቀርቀሪያውን ወረወረች። እኔ የማውቀውን እሷ አታውቅም ነበርና፣ ፊቷን ማየት አቅቶኝ ከመደቡ ሥር ገብቼ ዋልኩ። ባሕሩ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ መምጣቱን የምትናገረውን መሣሪያ የደበቅኩትም እኔ ነኝ።

አባዬ የመጣው በሰንበቱ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ በሰው ግመል ተጭኖ ነው። ቀኝ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ሲኞር ሉካ ባርኔጣ የሌላቸው፣ እጃቸው ባዶ የሆነ፣ ከኋላ በእግራቸው ይከተላሉ። ድንጋዮቹ፣ ደብተሮቹ፣ የዓመት ሥራቸው ሁሉ በውሃው ሄዷል። ጋሼ ሰዒድ አልነበረም። አባዬን ወደ አለቱ ገፍቶ አውጥቶ፣ ግመሎቹን ሊፈታ ሲመለስ ውሃው ወሰደው።

ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። በሦስተኛው ቀን መሣሪያዋን ከጎታው አውጥቼ፣ ገብሱን በቀሚሴ ጠርጌ፣ አባዬና ሲኞሩ ተቀምጠው ወዳሉበት ሄድኩና በሲኞር ሉካ ጉልበት ላይ አስቀመጥኳት።

«እኔ ነኝ የደበቅኳት» አልኩ። «እንዳትሄዱ ብዬ ነው። እሷ ብትኖር ጋሼ ሰዒድ አይሞትም ነበር?»

አባዬ ይህን ለመተርጎም አፉን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ሁለት ጊዜ ዘጋ፤ በሦስተኛው፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ነገራቸው። ሲኞር ሉካ መሣሪያዋን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ተናገሩ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ በመጨረሻም ተሰበረ። አባዬ የተረጎመልኝ ግን አጭር ነገር ነበር።

«ዝናቡ የዘነበው ሩቅ ተራራ ላይ ነው፣ እኛ በነበርንበት ሰማዩ ንጹሕ ነበር፣ መሣሪያዋ ምንም አትነግረንም ነበር አሉሽ።»

«ሌላውስ ምን አሉ?»

«ይኸው ነው፣ ልጄ» አለና ራሴን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

ሲኞር ሉካ ክረምቱ ሳይገባ ወደ ምጽዋ ወረዱ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬያቸውን አልሰማንም። አባዬ እስኪሞት ድረስ እያነከሰ ኖረ፤ ያን ቀን ሲኞሩ በእውነት ምን እንዳሉ ብዙ ጊዜ ልጠይቀው አስቤ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። የጋሼ ሰዒድ ባለቤት በየዓመቱ በረመዳን ሾርባ ትልክልን ነበር፤ እኔ ግን ሳህኑን ለመመለስ በሯ ድረስ መሄድ ይከብደኝ ነበር።

ዛሬ አርጅቻለሁ። ሬዲዮው የባሕሩ ውሃ እየሞቀ መሆኑን፣ ሙቀቱ ብርሃን ወደማይደርስበት ወለል ሳይቀር እየወረደ መሆኑን፣ ዳር ያሉ ከተሞች እንደሚሰጉ ያወራል፤ የሚናገሩትም የሚስቁ ሰዎች አይደሉም። ያኔ አንድ ሽማግሌ በቀልድ በጣሉት ቃል አንዲት ልጅ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጣች። አሁን ብዙ የተማሩ ሰዎች ከልባቸው ሲናገሩ እሰማለሁ፣ ሬዲዮውን እዘጋለሁ፣ እንቅልፍም ይወስደኛል።