የጎርፍ እግር አጣቢ

ልጅ ሳለሁ፣ ከመሰላ ከተማ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ሐይቅ ዳር ስንኖር፣ ምሽታችን የሚጀምረው በእግር እጥበት ነበር። አያቴ አባባ ቱፋ ከማሳ ሲመለሱ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቀርብላቸዋለሁ። ያኔ መብራት አልገባልንም፤ የኩራዙ ብርሃን ውሃው ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ የምድጃው ፍም ቀስ እያለ አመድ ሲለብስ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ከድነው ተረት ይጀምራሉ። እጥበቱ ሲያልቅ ተረቱም ስለሚያልቅ ጣቶቻቸው መሃል ብዙ እቆይ ነበር።

በእሳቸው ተረት ሐይቋ እመቤት ናት። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ጭቃውን ተሸክሞ ከተራራው በእንግድነት ይወርዳል። ወንዙ ወደ ሐይቋ በሚገባበት አፍ ላይ የበቀለችው ቄጤማ ደግሞ ደጃፍ ላይ አስቁማ እግሩን ታጥበዋለች። «ሳይታጠብ የገባ ቀን…» ይሉና ሳይጨርሱት እግራቸውን ከሳፋው ያወጣሉ። ቀሪውን ስጠብቅ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ በሕልሜም እግሩ ቀይ የሆነ ረጅም ሰው ቄጤማው መሃል ተቀምጦ አየዋለሁ።

የታናሽ እህቴ ክርስትና ሲደርስ እናቴና የጎረቤት ሴቶች ለቤቱ ጉዝጓዝ ወርደው የወንዙን አፍ ቄጤማ ሙልጭ አደረጉት፤ ቸኩለው ስለነበር ብዙውን ከነሥሩ ነቀሉት። ያን ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። የምንጠጣው ከዚያችው ሐይቅ ነበርና በማግስቱ ለድግሱ የተቀዳው ውሃ ከወጡ ይቀላ ነበር።

እንግዳው ቤቱን ሞልቶ ሳለ አባባ ቱፋ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ከሐይቋ መጡ። ሳፋውን አልፈው በለምለሙ ጉዝጓዝ ላይ እየተራመዱ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«ኧረ አባባ፣ እግርዎን! እንግዳ ፊት!» አለች እናቴ።

«አጣቢዋን እዚህ አንጥፋችኋት ማን ይጠበኝ?»

«ሽማግሌው ሳይቀዳላቸው ሰከሩ» አለች አንዲት ጎረቤት፤ ቤቱ ሳቀ።

እናቴ አልሳቀችም። ለሕፃኗ መታጠቢያ ያስቀመጠችውን እንስራ ዘንበል አድርጋ አየች፤ የሚወርደው ደለል ነበር። እንግዳው ሳይወጣ ጎንበስ ብላ ያልደረቀ ሥር ያለውን ቄጤማ ከወለሉ ትለቅም ጀመር። በማግስቱ የወንዙ አፍ ላይ ተከለችው፤ ጎርፍ ግማሹን ወሰደባት፣ እንደገና ተከለች። ውሃው እስኪጠራ ብዙ ክረምት አለፈ፤ አያቴ አላዩትም።

ዛሬ የምኖረው ጭሮ ነው። በበጋ ከሐይቋ በላይ ባለው ተራራ ላይ እርከን ልንሠራ ስንወጣ ስለ ተፋሰስ ረጅም ማብራሪያ እሰማለሁ፤ ሁሉም ትክክል ነው፣ እንቅልፍ በማምጣትም ከአያቴ ተረት አያንስም። ሆኖም ድንጋይ ሳቀብል የማስበው ስለ እናቴ ነው። በዓል ሲደርስ ወለሏን ጠርጋ ቄጤማ ሳትጎዘጉዝ ትተወዋለች። ጎረቤት ምነው ብሎ ሲጠይቃት ወገቤን ያመኛል ትላለች፤ ከዚያም ውሃ ትቀዳለታለች፣ እስኪጠጣም ቆማ ታየዋለች።