ከመስታወቱ ላይ የወረደችው ሲዲ

አድማሱን ያወቅሁት ወገዳ መምህር ሳለሁ ነው። ከመካነ ኢየሱስ ወገዳ የምትመላለስ አንዲት ቅጥቅጥ ይነዳ ነበር። ቅጥቅጥ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰው በዚያ መንገድ ሳይሄድ አልቀረም፤ ወገዳ ስንደርስ ወገባችንን ይዘን ነበር የምንወርደው። አድማሱ ግን መንገዱን አያማርርም። የሚሳሳው ለቴፑ ነው። ቴፕ ይበለው እንጂ ሲዲም ፍላሽም የሚያጫውት፣ ከባሕር ዳር ያስመጣው ዕቃ ነበር። በሩን በኃይል ሲያላትሙበት ዝም የሚል ሰውዬ፣ ቴፑን የነካበትን መንገድ ላይ ሊያወርድ ይደርሳል።

እኔ ይኼን የሹፌር ጉራ አድርጌ ቆጥሬው ነበር። ተሳስቻለሁ። ነገሩ የሚስቱ የሐረገ ወይን ነገር ነው። ሐረገ ወይን ዘፈን አውራጅ ነበረች፤ በእስቴ ገጠር እሷ የሌለችበት ሠርግ አይሞቅም ነበር ይላሉ። እሷ ታወርዳለች፣ ሰው ይቀበላታል። በወንድሟ ሠርግ ካሜራ የያዘ አንድ ጎረምሳ ድምፅዋን ቀድቶ በሲዲ ሰጣቸው፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ካሜራውን ሸጦ መተማ ወረደ። በዓመቱ ሐረገ ወይን ሦስት ቀን ታመመችና ሞተች። ልጅ አልወለዱም። ፎቶዋ ግድግዳ ላይ አለ፤ ድምፅዋ ያለው ግን በዚያች ሲዲ ብቻ ነበር።

ሰው ጭኖ አያጫውታትም። ወገዳ አራግፎ ባዶውን ሲመለስ ነው የሚከፍታት። አንድ ቀን እኔን ብቻ ይዞ ሲመለስ ከፈታት። ድምፅዋ ጠንካራ፣ ትንሽ ሻከር ያለ ነበር። "ሰው የለም ብዬ ነው መምህር" አለኝ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ።

እያደር መንገዱ ሲዲዋን ያዘልላት፣ አቧራውም አላስነብብ ይላት ጀመር። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ፍላሽ ገዛና፣ መካነ ኢየሱስ ሙዚቃ ቤት ለከፈተው ለእሱባለው ሰጥቶ የሐረገ ወይንን ከሌሎች ዘፈኖች ጋር አስጫናት። ሲዲዋን ከፊት መስታወቱ ላይ፣ ከመቁጠሪያው አጠገብ አንጠለጠላት። በዚያ ዘመን ሲዲ ከመስታወቱ ያላንጠለጠለ ሹፌር መንጃ ፈቃድ ያለው አይመስልም ነበር።

በዓመቱ ዐቢይ ጾም ገባ። በጾም መኪና ውስጥ ዘፈን አይከፈትም፤ የከፈተ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ይጮኹበታል። አድማሱ ቅበላ ባለፈ ቁጥር የዘፈን ሲዲዎቹን አውጥቶ ከፊት ባለው ሳጥን ይቆልፍባቸዋል፣ መዝሙር ያስገባል፤ ፋሲካ ሲሆን መልሶ ይቀይራል። የፍላሹም ነገር ያው መሰለው። ለእሱባለው ሰጠውና "ዘፈኑን አውጣና መዝሙር አስገባልኝ" አለው። እሱባለውም የታዘዘውን አደረገ።

በማግስቱ አድማሱ ፍላሹን ይዞ እሱባለው ዘንድ ተመለሰ። እሱባለው ፎቶ ኮፒም ያነሣ ስለነበር እኔም ፈተና ላስባዛ ሄጄ እዚያው ቆሜ ነበር።

"ያወጣኸውን ዘፈን የት አስቀመጥኸው?" አለው።

"የት ይቀመጣል? ጠፋ እንጂ።"

"ኮምፒውተርህ ላይስ?"

"የሰው ሠርግ ማን ይገዛኛል ብዬ አላስቀረሁትም" አለ እሱባለው፤ ወዲያው የአድማሱን ፊት አየና ደነገጠ። አድማሱ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ፍላሹን በሁለት እጁ ተቀበለና ወጣ።

ሲዲዋን ከመስታወቱ ለማውረድ ሦስት ሳምንት ፈራ። መቁጠሪያው በየጉድጓዱ ሲፍቃት ዓመት ሊሞላው ነው። "ካልሞከርኋት አለች ማለት ነው" አለኝ አንድ ቀን።

በደብረ ዘይት ሰሞን ከወገዳ ስንመለስ፣ መኪናዋ ውስጥ እኔና መሪጌታ ተክለ ማርያም ብቻ ነበርን። መሪጌታ የድጓ መምህር ናቸው፤ በጾም ዘፈን የከፈተን ሹፌር በሰው ፊት በስሙ ጠርተው ይገሥጻሉ። አድማሱ ዳገቱን እንደጨረስን መኪናዋን ዳር አስያዘ። ሲዲዋን ፈታት፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋት፣ አስገባት።

ቴፑ ለረጅም ጊዜ ሲፈልግ ቆየ። ከበሮ መጣ፤ ዘለለ፤ ዝም አለ። ሐረገ ወይን የምታወርድበት ሁሉ ተፍቋል። ወደ መጨረሻው የተቀባዮቹ ድምፅ ብቻ መጣ፤ ከሁሉም በልጦ የሚሰማው አንድ ወፍራም፣ ዜማ የሳተ የወንድ ድምፅ ነበር። "እሰይ፣ እሰይ" ይላል። ከዚያ ቆመ።

መሪጌታ ዞሩ። እኔ ለአድማሱ ፈራሁለት።

"ይኼ የሚቀበለው ማነው?"

"እኔ ነኝ የኔታ።"

"አውራጇስ?"

"ሚስቴ ነበረች። ጠፋችብኝ።"

መሪጌታ በመቋሚያቸው ላይ ጎንበስ አሉ። "እስኪ ድገመው" አሉ።

"ጾም ነው እኮ የኔታ።"

"ልቅሶ በጾም አልተከለከለም።"

ደገመው። ዝም ያለው ቦታ ሲደርስ ሦስታችንም እሷን ጠበቅን። አልመጣችም። ተቀባዮቹ ሲመጡ አድማሱም አብሮ "እሰይ" አለ፣ ያችኑ የሳተች ዜማ ይዞ። ያን ጊዜ አለቀስሁ፤ ማልቀሴንም አልደበቅሁም።

ፋሲካ አልፎ ሹፌሩ ሁሉ ዘፈኑን መለሰ። የአድማሱ ቴፕ ግን ተሳፋሪ እያለ ተከፍቶ አያውቅም። ሰኔ ላይ ዳገቱ አጠገብ የሚያርሱ ሰዎች፣ ባዶዋ መኪና ስታልፍ ሹፌሯ ከሰው ጋር ሲዘፍን እንሰማዋለን፣ የሚያወርድለት ግን አይሰማንም፤ ማነው? ብለው ጠየቁኝ። እኔም አላውቅም አልኋቸው።