የአንድ እፍኝ ገብስ እንቅልፍ

መስኮቴ ላይ አንድ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ተቀምጧል። ባየሁት ቁጥር የተወለድኩበት የኩታበር ብርድ፣ ጭስ የጠገበ ስልቻና የእርጥብ አፈር ሽታ አንድ ላይ ይመጡብኛል።

ያኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሌሎች ወራት የፈጀባቸውን ፊደል በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሦስት ሳምንት ለቀምኩት፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ያስተማርኩት ራሴን በራሴ ነው። ከገበሬ ማኅበሩ ቢሮ ጀርባ ሽፋኑ የተገነጠለ የእርሻ መጽሐፍ አግኝቼ እንደ ዳዊት ደገምኩት። ዘር ሳይሞት ሳይነቃ የሚቆይበት የዘር እንቅልፍ፣ ብቅለት፣ ቡቃያ፣ ማሸት፤ ሽማግሌዎቹ ዕድሜ ልካቸውን ሲያዩት የኖሩትን ነገር ከነምክንያቱ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጎረቤታችን ጋሽ ይማም ባገኘኝ ቁጥር፣ «ዶክተር፣ እስቲ ሰማዩንም አንብብልን!» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

የድርቁ ዓመት ነበር። የቀረን አንድ ስልቻ የዘር ገብስ ነው፤ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ተርበን እያየነው አልነካነውም። የካቲት መጨረሻ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ዘነበ። አባቴ አፈሩን በእጁ ጨብጦ ፈተሸና፣ «ሌላ አንድ ዝናብ ልጠብቅ» አለ።

እኔ መጽሐፉን ይዤ ቀረብኩ። ዘሩ መሬት ውስጥ ውሃ እስኪጠጣ ቀናት ይፈጃል፤ እቤት ዘፍዝፈን ብናነቃውና ሥር ሲያወጣ ብንዘራው እርጥበቱ ሳይደርቅ እንቀድማለን አልኩት። ማንበብ አይችልም። ገጹን ግን ትክ ብሎ አየው።

«መጽሐፉ ነው እንዲህ የሚለው?»

«መጽሐፉ ነው፣ አባዬ።»

መጽሐፉ ግን እንዲህ አይልም ነበር። ውሃ፣ አየርና ሙቀት ዘርን ያነቃሉ ይላል፤ የቀረውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

አባቴ ዘሩን ሴቶች ብቅል እንደሚያበቅሉት ዘፍዝፎ በእርጥብ ጆንያ ሸፈነው። በሦስተኛው ቀን ነጫጭ ሥሮች ብቅ ብቅ አሉ። ዘራነው። ሳምንት ሳይሞላ በመንደሩ የኛ ማሳ ብቻ አረንጓዴ ሆነ። ሰው ሊያየው መጣ። ጋሽ ይማም እንኳ ሳቁን ትቶ፣ «ወላሂ፣ አባትህን አኮራህ» አለኝ። በድንበሩ ላይ ደረቴን ነፍቼ ስመላለስ ዋልኩ።

ከዚያ ነፋሱ መጣ፤ ዝናቡ ቀረ። የቡቃያው ጫፍ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ቅጠሉ፤ ከዚያ በእግራችን ስንረግጠው እንደ ገለባ ተንኮሻኮሸ። የጋሽ ይማም ገብስ ስልቻው ውስጥ ተኝቶ ነበርና እየተቆነጠረ ቤተሰቡን አሰነበተ። የኛ አንዴ ነቅቷል፤ የነቃ ዘር ተመልሶ አይተኛም። ይህም መጽሐፉ ውስጥ ነበር፤ አንብቤዋለሁ።

እህል ይታደልበት ወደ ነበረው የደሴ መጠለያ ወረድን። አባቴ አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረኝም። ሲደክም ግን ከጋቢው ጫፍ ቋጠሮ ፈትቶ አንድ እፍኝ ገብስ ሰጠኝ። ለካስ ያን ቀን ከመዘፍዘፉ በፊት ደብቆ አስቀርቶ ነበር። «አንተ ስትቸኩል ሳይሆን መሬቱ ሲዘጋጅ ዝራት» አለኝ። እዚያው ሞቶ ቀረ።

ኮምቦልቻ ችግኝ ጣቢያ ገብቼ አረጀሁ። ዲግሪ የጫኑ ባለሙያዎች ምክር ሲቸግራቸው የሚጠይቁት እኔን ነው፤ ያልገባኝ ተክል፣ ያላዳንኩት ችግኝ የለም። የአባቴን እፍኝ ግን በብልቃጥ ይዤ በየዓመቱ፣ ዝናቡ ይስተካከል፣ የራሴ መሬት ላግኝ እያልኩ አቆየኋት። ያኔ መጠበቅ አቃተኝ፤ ከዚያ ወዲህ መጠበቅ ብቻ ሆነ ሥራዬ።

ዘንድሮ ብልቃጡን ገልብጬ ፍሬዎቹን ሁሉ በእርጥብ ጥጥ ላይ ደረደርኳቸው። ገብስ ቢዘገይ በአምስት ቀን ይበቅላል። ሃያኛው ቀን አልፏል፤ ሻግተዋል። ለዚህም ስሙን አውቃለሁ፤ የዘር እንቅልፍ አይደለም። ጥጡን ግን ዛሬም ጠዋት አርጥቤዋለሁ።