የመተማው ኬላ ሙሉ ሥልጣን

ጣሊያን መተማን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ከተማውን የሚያስተዳድረው ካፒቴን ድንበሩን ለአገሬው ሰው አስረክቤያለሁ አለ። የኬላ ሹም ያደረጋቸው፣ በቀድሞው መንግሥት እዚያው ኬላ ዘበኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሦስት ዘበኞች ተሰጧቸው። እኔ አሥመራ ስሠራ ጣሊያንኛ ስለለመድኩ አስተርጓሚም ጸሐፊም ሆንኩ።

የሹመቱን ደብዳቤ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው መስመር ሙሉ ሥልጣን ይላል፤ ከዚያ በታች ያለው ያንኑ ሥልጣን አንድ በአንድ መልሶ ይወስዳል። የይለፍ ወረቀት የሚሰጠው ካፒቴኑ ነው። እሳቸው ወረቀት ያለውን ያሳልፋሉ፣ የሌለውን ይመልሳሉ። ከሱዳን በኩል ያለ ወረቀት የመጣ ከተገኘ ግን፣ ማንንም ሳይጠይቁ ወደ መጣበት ያባርሩታል።

ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ «እንግዲህ በራሴ የማደርገው ማባረር ብቻ ነው» አሉ። አዎ አልኳቸው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንዲት ባልቴት መጡ። ገላባት ያገባች ልጃቸው ምጥ ይዟት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ገላባት ከደረቁ ወንዝ ማዶ ያለች የሱዳን ከተማ ናት፤ ከኬላችን ሆኖ የቤቶቿ ክዳን ይታያል። ካፒቴኑ ጎንደር ወጥቷል። ባልቴቷን ይዤ ምክትሉ ዘንድ ብሄድ፣ የድንበር ነገር ለአገሬው ሹም ስለተሰጠ ጣልቃ አልገባም አለ፤ በትሕትና ነበር የተናገረው። ይህን ተርጉሜ ለባልቴቷ ስነግራቸው ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

ስንመለስ ሽማግሌው ደብዳቤውን እንደገና አስነበቡኝ። ስለ ማባረር የሚለው ላይ ስደርስ በቃ አሉኝና ወደ ባልቴቷ ዞሩ።

«እሜቴ፣ ከየት ነው የመጡት?»

«ከዚሁ ከመተማ ነዋ። ያውቁኝ የለም እንዴ?»

«አልሰማሁም። ከየት መጡ?»

ግራ ገብቷቸው እኔን አዩኝ። ጎንበስ ብዬ፣ ከገላባት ይበሉ አልኳቸው።

«ከገላባት» አሉ።

«ወረቀት አለዎት?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ይባረሩ።»

ሁለት ዘበኞች ጠመንጃቸውን አንግተው፣ አንዱ ጓዛቸውን ተሸክሞ፣ ሌላው ክንዳቸውን ደግፎ አባረሯቸው። እኔም መባረራቸውን መዝገብ ላይ ጻፍኩ።

ልጃቸው በማግሥቱ ሴት ልጅ ተገላገለች። ባልቴቷ ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እስክትነሳ ቆይተው፣ ውሃው ሲጎድል ዘበኛ በማይቆምበት በኩል ተመለሱ።

ወሬው ተሰማና የሚባረረው ሰው በዛ። ማዶ ለቅሶ ያለበትም፣ የታመመ ዘመድ ያለውም ወረቀት የሌለው የገላባት ሰው ሆኖ ይመጣል። ካፒቴኑ መዝገቡን ሲያይ፣ እንዲህ ጥብቅ የሆነ ኬላ አላጋጠመኝም ብሎ ሁለት ዘበኞች ጨመረልን። ሽማግሌው ምስጋናውን አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉ። ከአዲሶቹ ዘበኞች አንደኛው ሳምንት ሳይሞላው ቀርቦ እሱም ከገላባት መምጣቱን ተናገረ። ጠመንጃውን አስቀምጦ ተባረረ።

የጣሊያንና የእንግሊዝ ጦርነት ድንበሩ ላይ ደርሶ ኬላው እስኪዘጋ ድረስ አብረን ሠራን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሽማግሌው ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላነሱብኝም። እኔም ደፍሬ አልጠየቅኳቸውም፤ ጠዋት ጠዋት መዝገቡን ከፍቼ እጠብቃቸው ነበር።