አያ ደምለው ያወለቁት ገሳ

ልጅነቴ ባለፈባት ቢቸና፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲቃረብ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ደምለው ከሞጣ መጥተው እኛ ቤት ይሰነብቱ ነበር። በየዓመቱ ወደ ግሸን ማርያም በእግራቸው የሚነሡት ከእኛ ቤት ነው። ያኔ መብራት አልገባልንም፤ እርጥብ የባሕር ዛፍ እንጨት በጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ በኩራዝ ብርሃን ፍሙን ከበን የመንገዱን ተረት እንሰማቸው ነበር። መንገዱን በአፈሩ ሽታ ስለሚለይ ዓይነ ስውር መነኩሴ፣ የደከሙ ተሳላሚዎችን ቁስል ስለምትልስ ሚዳቋ ያወሩልን ነበር።

አንድ ዓመት ታላቅ እኅቴ ዘውዴ አብራቸው ልትሄድ ተነሣች። የወለደቻቸው ሁለት ልጆች በአራስነታቸው ሞተውባት፣ በእግሯ ሄዳ ልትሳለም ተስላ ነበር። ያን ምሽት አያ ደምለው ተረቱን ትተው፣ ባሏ የገዛላትን አዲስ ሸራ ጫማ በፍሙ ብርሃን እያገላበጡ አዩት።

«ይኼ አንዴ ውኃ ከጠጣ አይደርቅልሽም፤ ተረከዝሽን ይልጠዋል። ያንን አሮጌውን በረባሶሽን አድርጊ።»

«እሺ አያ። ለዝናቡስ?»

«ገሳ ነዋ!»

ዘውዴ ሳቀች። ከሣር የተጎነጎነ ገሳ ተሸክሞ ያን ሁሉ አገር መሄድ ከበዳት። «ላስቲክ ገዝቻለሁ፤ እሱ ይቀለኛል» አለች። አያ ደምለው ላስቲኩን በጣታቸው ወጠር አድርገው አዩትና አጣጥፈው መለሱላት።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት ዘውዴ ገሳ ለብሳ ደጃችን ላይ ቆመች። እናቴ ገሳውን አየችና ከኋላዋ ሰው ፈለገች።

«አያ ደምለውስ?»

ተሳልመው ሲመለሱ፣ መጠለያ በሌለበት ሜዳ ላይ ከባድ በረዶ ያዛቸው። ንፋሱ ላስቲኩን ቦጫጨቀው። አያ ደምለው ገሳቸውን አውልቀው አለበሷት። «እምቢ ብያቸው ነበር» አለች ዘውዴ፣ ፊቷን ሸፍና። «እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፣ ይሞታሉ አልኳቸው። ‹አንቺ ብቻሽን አይደለሽም፤ ጧት ጧት ሲያስመልስሽ አይቻለሁ› አሉኝ። እኔ እንኳ ለማንም አልተናገርኩም።»

በዚያው አያ ደምለውን ትኩሳት ያዛቸው። አንድ ገበሬ ቤቱ አስገብቶ፣ እሳት አንድዶ አስታመማቸው፤ አልተረፉም። እዚያው ሰፈር ደብር ተቀበሩ።

የዘውዴ ልጅ በደኅና ተወለደች፤ አደገችም። አባቴ ግን የወንድሙን መቃብር ሳያይ፣ ዘንድሮ እሄዳለሁ እያለ ኖሮ አረፈ። እኛም ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እሳቱን እንከብ ነበር እንጂ፣ ተረት የጠየቀም የነገረም የለም።

ተረቶቹ ዛሬ ከልቤ ጠፍተዋል፤ ብዙዎቹን መጨረሻቸውን አላስታውሰውም። ከልቤ ያልወጣው ያ ከሰዓት ነው። እናቴ እያለቀሰች «ግቢ፣ ልጄ ግቢ» ስትላት፣ ዘውዴ ተወልዳ ያደገችበትን ቤት ደፍ መሻገር አቅቷት፣ እንግዳ ሰው ይመስል ውጭ ቆማ ቀረች።