የበረቱ ተራ

ድርቤ እበት ተጸይፋ አታውቅም። ነቀምቴ አጠገብ ዲጋ ተወልዶ እበት የሚጸየፍ ካለ ሆዱን በምን እንደሚሞላ እሱ ይጠየቅ። እሷን ያቅለሸለሻት የሟች ባሏ ወንድም ባቻ ነው።

በዚያ ሰፈር የሁሉም ከብት የሚያድረው በአንድ በረት ነው፤ ብቻዋን ያደረች ላም የጅብ ራት ናትና። በረቱ ደግሞ አንድ ቦታ አይከርምም። ከብቶቹ የአንዱን ማሳ በእበት ካጠገቡ በኋላ አጥሩ ተነቅሎ ወደ ባለተራው ማሳ ይዛወራል። ከብት ባደረበት መሬት የተዘራ ጎመንዘር ፍሬው ይንዠረገጋል። ድሮ ጎመንዘር የጓሮ ነገር ነበር። የነቀምቴ ነጋዴዎች ፍሬውን ለዘይት መግዛት ሲጀምሩ ግን እበት እንደ ቅቤ ተፈላጊ ሆነ፤ ሰዉም ከፋ።

በረቱ ያኔ ባቻ ማሳ ላይ ነበር፤ የዚያ ዓመት ተራ ግን የድርቤ ነበር። መሬቱ የጌቶች ነው፤ የጌቶች ወኪል አቶ ሀብተጊዮርጊስ «ዘንድሮም ማሳሽን እንዲህ ከስቶ ካየሁት ለሌላ ጭሰኛ እሰጠዋለሁ» ብሏታል። ስለዚህ ዘር ሳይደርስ በረቱ ወደ እሷ መምጣት ነበረበት።

«ያ ዋርሳኮ፣ ተራዬ ደርሷል እኮ» አለችው ባቻን፤ ባገሩ የባል ወንድም የሚጠራው እንዲህ ነው።

«ማል ጎና፣ ድርቤ? ምን እናድርግ? አጥሩን የሚነቅል ጉልበት የለም። ደግሞ ዝናቡ...»

ሲበላ የማይደክመው ሰውዬ ዝናብ ፈራ! ሽማግሌ ጠራች። ሽማግሌዎቹም ባቻ ቤት ጠላቸውን ጠጥተው «የቤተሰብ ነገር ነው፣ እዚያው በቤታችሁ ጨርሱት» ብለው ተነሡ። አተላው ጢማቸው ላይ እንደቀረ ነበር። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያድርቅ፤ ባቻ እስከ ዘር ቀን በረቱን ከራሱ ማሳ አላነቃነቀውም። ያኔም የወሰደው ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ግጦሹ ዳር ነው።

ነሐሴ ላይ ወኪሉ በበቅሎ መጣ። የድርቤ ጎመንዘር አጭርና ቢጫ ነው። የባቻ ግን ሰው ቆሞ ቢሄድበት አይታይም፤ ቅጠል በቅጠል ሆኗል። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ከበቅሎው እንኳ አልወረደም።

«ገበሬ ማለት እንዲህ ነው!» አለና የድርቤን ማሳ ከጥቅምት በኋላ ባቻ እንዲይዘው ፈረደ። ባቻ ጎንበስ ብሎ የወኪሉን ጉልበት ሳመ። ድርቤ ፊቷን አዞረች፤ እንዲያ ያለ ነገር ማየት ያሳምማል።

እበት ሲበዛም ጉድ ነው። የባቻ ጎመንዘር ጉልበቱን ሁሉ ቅጠል ላይ ጨርሶ ጥቅምት ላይ በነፋስ ተጋደመ። ፍሬ ቢፈለግ እፍኝ አይሞላም። ለሁለት ማሳ የሚበቃ እበት አንዱንም ሳያበላ ቀረ። ወኪሉ ግን ቃሉን አላጠፈም።

ድርቤ ከልጆቿ ጋር ዕቃዋን ስትሸክፍ ባቻ ከተጋደመው ማሳው አንድ እቅፍ ጎመን ይዞ መጣ።

«ለልጆቹ ይሁን ብዬ ነው። ዘመድ አይደለን?»

ተቀበለችው። ወደ በረቱ ሄዳ ላለቻት አንዲት ላም በተነችላት።

«ምን ነካሽ! የሰው ምግብ ለከብት?» አለ ባቻ ደንግጦ።

ላሟ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ከዚያ ገመዷን ይዛ፣ ልጆቿን አስከትላ ወደ ነቀምቴ መንገድ ወጣች።

«እሷ እንኳ የበላችውን ለመሬቱ ትመልሳለች» አለችው ሳትዞር።