ሰባት ፊቶች

ወንድሜ በእግርና በመኪና ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲነሳ መንገዱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴና አባቴ ሀዋሳ የግንባታ ሥራ አግኝቶ የሄደ ነበር የሚመስላቸው። "ደርሼ እስክነግርሽ አፍሽን ያዢ" አለኝ። ያዝኩ። አፍ መያዝ ለእኔ ቀላል ነገር እንዳልሆነ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ። በየደረሰበት ከተማ እንደሚጽፍልኝም ቃል ገባልኝ፤ ስልክ ደውሎ ሳይሆን ኢንተርኔት ላይ ሰው ሁሉ በሚጻጻፍበት ገጽ።

ከሞያሌ ማዶ ሆኖ አንዴ ጻፈ። "ተሻግረናል፣ ደህና ነኝ" ይላል። ከዚያ ዝም አለ። አንድ ሳምንት አለፈ። ሆሳዕና ውስጥ በዚያ መንገድ ሄዶ ድምፁ የጠፋ ልጅ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከእኛ ሦስት ቤት ዝቅ ብላ የምትኖር ሴት አስከሬን ሳታይ ለልጇ ለቅሶ ተቀምጣለች። በደጇ ባለፍኩ ቁጥር እርምጃዬን እያፈጠንኩ ነበር።

በዚህ መሃል የአክስቴ ባል አርፎ አንጋጫ ሄድን። ድንኳን ውስጥ ሁለት ቀን ተቀምጬ በሦስተኛው አላስችል አለኝ። የአክስቴን ልጅ ዘመናዊ ስልኳን ለምኜ ከድንኳኑ ጀርባ ወጣሁና ገጹን ከፈትኩ። ስሜንና የይለፍ ቃሌን አስገባሁ። ገጹ ግን ከማያውቀው ቦታና ከማያውቀው ስልክ የገባሁ መሆኔን ገልጾ፣ እኔ መሆኔን ካላረጋገጥኩ እንደማይከፍትልኝ ነገረኝ። "እኔ ነኝ እንጂ ማን ይሆናል" አልኩት፣ እንደሚሰማኝ ሁሉ። ማረጋገጫ ቁጥር በስልክ መልእክት ልኬልሻለሁ አለ። የራሴን ስልክ ይዤ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ድገም የሚለውን ነካሁ። ደግሜ ነካሁ። አምስተኛው ላይ ነው የገባኝ።

ያንን አካውንት የከፈተልኝ ወንድሜ ነው። ያኔ ስልክ ስላልነበረኝ የራሱን ቁጥር ነበር ያስገባው። ያ ሲም ካርድ አሁን ከድንበር ማዶ እሱ ኪስ ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ አይሠራም። እሱን ለማግኘት የሚያስፈልገኝ ቁጥር የሚላከው ለእሱ ነው ማለት ነው። ስልኩን ወርውሬ ልሰብረው ምንም አልቀረኝም።

"ስልኬን ምን አድርጎሽ ነው እንዲህ የምትጠፈጥፊው?" አለች የአክስቴ ልጅ መጥታ።

"ኔትወርክ የለውም።"

"አንቺ ጋ ሲደርስ ነው የሚጠፋው?"

ሳምንት ተቀምጠን ሆሳዕና እንደተመለስን ሻንጣዬን እንኳ ሳልፈታ ወትሮ ገጹን ወደምከፍትበት፣ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። ገጹ እዚያም ያንኑ ቁጥር ጠየቀኝ። ባለቤቱ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ የሚመታ፣ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ቀስ ብሎ የሚነሳ ሰው ነው። ችግሬን ነገርኩት፤ የወንድሜን ነገር ትቼ።

"ሌላ መንገድ አለው" አለኝ። "የጓደኞችሽን ፎቶ እያሳየ ስማቸውን ይጠይቅሻል። ሰባት ሰው ነው። ሁለቱን መዝለል ትችያለሽ። ጓደኞችሽን ካወቅሽ አንቺ ነሽ ማለት ነው።"

ቀላል መሰለኝ። ግን እኔ ለዓመታት ጓደኛ እንሁን ብሎ የጠየቀኝን ሁሉ እሺ ስል ነበር የኖርኩት። የቁጥሩ ብዛት ያኮራኝ ነበር። አሁን ከፎቶው ሥር ስድስት ስም ተደርድሮ፣ ከላይ ደቂቃው ወደ ታች እየቆጠረ፣ የማላየው ጉድ የለም። አንዱ የያሆዴ፣ የሀዲያ ዘመን መለወጫ በዓል፣ የመልካም ምኞት ካርድ ነው፤ አደይ አበባ ብቻ። ይሄ ማነው ይለኛል። አበባ ነዋ! ሌላው የውጭ አገር ኳስ ተጫዋች ነው። ሌላው ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ሰው። በግምት ነካካሁና ወደቅሁ።

"ዛሬ አትድገሚው" አለኝ ባለቤቱ። "ከደጋገምሽው ጨርሶ ይዘጋብሻል። ነገ ነይ።"

ያን ቀን እራት ላይ አባቴ "ሀዋሳ ያለው ሰውዬ አልደወለም እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። "ሥራ ይበዛበታል" አልኩ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስሄድ ከኮምፒውተሬ ቀጥሎ አንዲት ጨርቅ ነጋዴ ተቀምጣ ነበር። ጎረቤታችን ናት፤ የሰፈሩ ሙስሊሞች ሠርግ ሁሉ ያለ እሷ አይደምቅም ይባላል። ዓረብ አገር ካለች ልጇ ጋር ለመነጋገር መስመሩ እስኪስተካከል እየጠበቀች ነው። በገበያ ቀናቸው ጊምቢቹ፣ ሾኔ፣ አንጋጫ እየዞረች ስለምትሸጥ የማታውቀው ሰው የለም። በመጀመሪያው ፎቶ የወጣችው የክፍል ጓደኛዬ ስለነበረች ወዲያው አለፍኩት። ሁለተኛው ላይ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ መዘምራን ወጡ፣ ከመካከላቸው አንዷ ፊት ላይ አራት ማዕዘን ተሠርቷል።

"የእኛ ኳየር ነው" አለ ባለቤቱ ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ፤ ስሟን ነገረኝ። አለፈ።

ሦስተኛው ሠርግ ነው። ነጋዴዋ ወንበሯን ጎትታ መጣች።

"ይሄማ ሾኔ ጎማ የሚለጥፈው ነው።"

"ስሙ ማነው እትዬ?"

"ስሙን በምን አውቄ? ፊቱን ነው የማውቀው።"

"ገጹ የሚፈልገው ስም ነው።"

"የአባቱን ስም ልንገርሽ። አባቱ በሬ ነጋዴ ነበር" አለችና ነገረችኝ። ከስድስቱ ስሞች በዚያ አባት የሚጠራ አንድ ብቻ ነበር። ነካሁት። አለፈ።

"አየሽ" አለች። "በአባት ነው ሰው የሚታወቀው።"

አራተኛው አበባ ስለነበር ዘለልኩት። አምስተኛው ሕፃን ልጅ ነው። "ይሄ ደግሞ መቼ ጡት ጥሎ ነው ጓደኛሽ የሆነው?" አለችኝ፤ እሱንም ዘለልኩ። ከዚህ በኋላ አንድ ብሳሳት አለቀልኝ። ስድስተኛው መኪና ተደግፎ የቆመ ጎረምሳ ነው። ሳመነታ አይታ "የጊምቢቹ ነው፤ መኪናው ግን የሱ አይደለም" አለችና ስሙን ሳይቀር ነገረችኝ።

ሰባተኛው ወንድሜ ነበር።

የእሱ ግን ሦስት ፎቶ ነው የወጣው። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፤ አንዱን እንዲያውም እኔ ነኝ በግቢያችን ያነሳሁት። ሦስተኛውን አይቼው አላውቅም። ከአራት ወንዶች ጋር በቆርቆሮ ግድግዳ ሥር ቁጢጥ ብሏል። ግድግዳው ላይ የማላውቀው ቋንቋ ተጽፏል። ጉንጩ ገብቷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። የለበሰው ሹራብ ለመንገዱ ብዬ ከሰልባጅ ተራ የመረጥኩለት ነው። መንገድ ከጀመረ በኋላ የተነሳ ፎቶ እንደሆነ በዚያ አወቅሁ። መቼ እንደሆነ ግን የሚናገር ነገር የለም። ትናንት ይሁን፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ይሁን።

"ስሙን ንኪው እንጂ፣ ደቂቃው እያለቀ ነው" አለ ባለቤቱ።

ነጋዴዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ይሄ ወንድምሽ አይደለም? ሀዋሳ ነው ስትሉ አልነበር? ሀዋሳን አውቃታለሁ።"

የገዛ ወንድሜን ስም ነካሁ። ተከፈተ።

አራት መልእክት ነበር። ስልኩን እንደወሰዱበትና በሰው ስልክ እንደሚጽፍ የሚናገር ነበር አንደኛው። ሁለተኛው "ለምን አትመልሺም?" ይላል። ሦስተኛው "ለእማ ነገርሻት? ተቆጥታ ነው እንዳትጽፊ የከለከለችሽ?" የመጨረሻው ከአራት ቀን በፊት የተላከ ነው። "ነገ በጀልባ እንሻገራለን። መልስሽን ሳላይ መሻገር አልፈለግሁም ነበር።"

እኔ እሱ ሞተ ብዬ ስሰጋ እሱ እኔ ተቀየምኩት ብሎ ሲሰጋ ነበር። "ተዘግቶብኝ ነው፣ ማንም አልተቆጣም፣ እባክህ ጻፍ" ብዬ ላክሁ። ወዲያው ከአካውንቱ የእሱን ቁጥር አውጥቼ የራሴን አስገባሁ። መልእክቱ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ግን አልመጣም። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ።

ነጋዴዋ ከልጇ ጋር ተነጋግራ ስትጨርስ አጠገቤ ቆመች። "ስሚ፣ እናትሽ ከእኔ ከሰማች ዕድሜ ልኳን አታይሽም። እስከ ማታ አልናገርም። ከማታ በኋላ ግን አላውቅም፣ ራሴን አውቃታለሁ።"

እናቴ ጓሮ እንሰት እየፋቀች ነበር። ከፊቷ ቆሜ በሀድይኛ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፤ መንገዱን፣ ውሸቱን፣ ጀልባውን። መፋቂያውን አስቀመጠች። ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ብትመታኝም ይቀለኝ ነበር።

"የሚሻገሩት ወንዝ ነው ሐይቅ?" አለች።

"አላውቅም።"

"ይህን ሁሉ ቀን ብቻሽን ነው የያዝሽው?"

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ኢንተርኔት ቤት ገብታ አታውቅም። ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና "እናትህ ናት ብለሽ ጀምሪ" አለችኝ። የምትለውን እየሰማሁ ጻፍኩ። አልተቆጣሁም፣ ብትመለስም አልቆጣም፣ ብትደርስም አልቆጣም።

"አነበበው?"

"ገና ነው እማ።"

"እንግዲያው አልነሳም።"

ባለቤቱ ሊያናግራት መጣና ፊቷን ሲያይ ተመለሰ። ሁለት ሌሎች ደንበኞች ቆመው ተራ ይጠብቁ ነበር፤ እሷ ወደ እነሱ ዞራ እንኳ አላየችም። እስክሪኑ ሲጨልም፣ እኔ ሳደርግ እንዳየችው፣ ማውሱን በአንድ ጣቷ ቀስ ብላ ትነካዋለች፣ እንዳይዘጋ።